ስለ ቱሪዝም የሚወስኑትንም እናጥና

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በአስተያየት ገጻችሁ ላይ ስለ ቱሪዝም የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ከልባቸው የጻፉት ነገር ነው፤ በብዙው እስማማለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቱሪዝም ማስተዋወቅ እንጂ ማጥናት አያስፈልገውም፣ ጥናት እንደሆነ በየመደርደሪያው ሞልቷል የሚል ሐሳብ አንስተዋል። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። የሥራ ዘመኔን የሰጠሁት ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ የቱሪዝም ፖሊሲና አስተዳደር ተመራማሪ ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ትንሽ ቢረዝም አትቀየሙኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መደርደሪያው ሞልቷል የሚለው እውነት ነው። በምን ሞላ ነው ጥያቄው። አብዛኛው ጥናት የሚያየው ቱሪስቱን ነው። ረክቷል ወይ? ተመልሶ ይመጣል ወይ? ለጓደኞቹ ይናገራል ወይ? መጠይቅ ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ ከአንድ እስከ አምስት የተሰጠው ነጥብ ይደመራል፣ ከዚያ "አብዛኞቹ ጎብኚዎች ረክተዋል" ተብሎ ይዘጋል። ጥቅም የለውም አልልም። ግን ቱሪስቱ ሁለት ሦስት ቀን አድሮ የሚሄድ ሰው ነው። መሬቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ የመግቢያው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ፣ ውኃ ሲያጥር ሆቴሉ ይቅደም ወይስ መንደሩ የሚለውን የወሰነው እሱ አይደለም። ይህን የወሰኑት ሰዎች ቢሮ ውስጥ ነው ያሉት። እነሱን ቁጭ ብሎ የሚያጠና ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሥራዬን ለሰው ስናገር "ታድለሽ! አገር ላገር መዞር ነዋ!" የሚለኝ ብዙ ነው። የሥራው ዋና ክፍል ወረቀት ማንበብ ነው። አዋጅ፣ መመሪያ፣ በጀት፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኦዲት ሪፖርት። ቀጥሎ ሰው ማናገር ይመጣል። ኃላፊውንም፣ በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠውንም። ከዚያ ወረቀቱ የሚለውንና ሰዎቹ የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ነው። ማን ወሰነ? ሲወሰን ማን አልነበረም? ማን ከፈለ፣ ማን አገኘ? ቃሉ ሲፈርስ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለአንድ ቦታ በትክክል ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል።

ጉዳዩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በ1950 ድንበር አቋርጦ የሚጎበኘው ሰው በመላው ዓለም ወደ 25 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2019 ወደ 1.46 ቢሊዮን ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ኮሮና መጣና ቁጥሩ ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። በ2024 ደግሞ ተመልሶ 1.4 ቢሊዮን አካባቢ ገባ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አልተንቀሳቀሰም። ቪዛ ያቀለለ አለ። የበረራ ስምምነት የፈረመ አለ። ለሆቴል ባለሀብት የግብር እፎይታ የሰጠ፣ የባሕር ዳርቻውን ከዓሣ አጥማጆች ወስዶ ለሪዞርት ያከራየ አለ። ሲወድቅም እንደዚያው ነው፤ ድንበር የዘጋው፣ ማን ካሳ እንደሚያገኝና ማን እንደሚቀር የወሰነው መንግሥት ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ውሳኔ አለ።

እዚህ ጋ የዚህ ሙያ ትልቁ እንቆቅልሽ ይመጣል። የቱሪዝም ሚኒስቴር ወይም ቦርድ የሚባል መሥሪያ ቤት በብዙ አገር አለ። ግን ጎብኚው ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ የሚያገኘውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ብታዩት የዚያ መሥሪያ ቤት እጅ ያለበት ጥቂቱ ላይ ነው። ቪዛው የኢሚግሬሽን ነው። በረራው የሲቪል አቪዬሽን ነው። መንገዱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። ሆቴሉ ያረፈበት መሬት የከተማ አስተዳደሩ ነው። ፓርኩ ለዱር እንስሳት፣ ሙዚየሙ ለቅርስ መሥሪያ ቤት ይጠራል። ግብሩ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ነገር ሲበላሽ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ቱሪዝሙ መሥሪያ ቤት ነው። ሥልጣን ሳይኖረው ኃላፊነት የተሸከመ መሥሪያ ቤት ደግሞ በእጁ ያለውን ነው የሚያደርገው። ፖስተር ያትማል፣ መፈክር ይቀይራል፣ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። ማስተዋወቅ ላይ እንዲህ የሚረባረቡት ሰዎቹ ሌላ ነገር ስለማያውቁ አይመስለኝም። ብዙዎቹን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ችግሩን ከኔ በላይ ያውቁታል። ሌላው ነገር በእጃቸው ስላልሆነ ነው። ጸሐፊያችን ማስተዋወቅ ይጠናከር ሲሉ እንግዲህ ድሮም የጠነከረውን ብቸኛ እግር አጠንክሩ ማለታቸው ነው።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። የጣሊያኗ ቬኒስ ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ቀን ብቻ ደርሰው ከሚመለሱ ጎብኚዎች 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። ነገሩ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲወራና ሲራዘም ቆይቷል። በመጀመሪያው ዓመት የሚከፈለው በተመረጡ 29 ቀናት ነበር። በ2025 ቀናቱ 54 ሆኑ፣ በመጨረሻ ሰዓት የሚመዘገበው ሰውም 10 ዩሮ እንዲከፍል ተደረገ። ጎብኚው በኢንተርኔት ይመዘገባል፣ የኪውአር ኮድ ይደርሰዋል፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ የቆሙ ተቆጣጣሪዎች ስልኩን ያያሉ። ከተማዋ ውስጥ የሚያድረው ይህን አይከፍልም፤ እሱ ለአዳሩ የሚከፍለው ሌላ ግብር አለ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። "ቬኒስ ቲኬት ጀመረች" ተባለ።

እሺ፣ የክፍያው ዓላማ ምንድን ነው? የሰው ብዛት ለመቀነስ ከሆነ ቁጥሩ ላይ ጣሪያ አልተቀመጠም፤ የከፈለ ሁሉ ይገባል። ገንዘብ ለመሰብሰብ ከሆነ የገባውን ብቻ ሳይሆን ለተቆጣጣሪውና ለሲስተሙ የወጣውንም ማየት አለብን። በየቀኑ ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ ለማወቅ ከሆነ ደግሞ፣ ባለሥልጣናቱ ይሄንንም እንደ ምክንያት አንስተውታል፣ መረጃው ከተገኘ በኋላ የትኛው ውሳኔ ተለወጠ? ሦስቱ ዓላማዎች የሚለኩት በሦስት የተለያየ ሚዛን ነው። አንድ ፖሊሲ ሦስቱንም ዓላማዬ ናቸው ካለ፣ አንዱ ሲከሽፍ ወደ ሌላው መሸሽ ይችላል። እናም በጭራሽ አይከሽፍም። ይህን ለይቶ አውጥቶ "የቱን ነው ቃል የገባችሁት?" ብሎ መጠየቅ ነው የተመራማሪው ሥራ።

በዚያ ላይ የቬኒስ ትልቁ ሕመም በሩ ላይ አይደለም ያለው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በታሪካዊቷ ከተማ ውስጥ ከ170 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። ብዙ ምክንያት አለው፤ ግን ቤት ለነዋሪ ከማከራየት ለጎብኚ ማከራየት ሲያዋጣ ነዋሪው እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ይሄ የቤት ፖሊሲ ጉዳይ ነው። ጣቢያው ደጃፍ ስልክ የሚያየው ወጣት የዳቦ ጋጋሪውን ቤት ኪራይ ሊያወርድለት አይችልም። የቱሪዝም አጥኚ የቤት ኪራይ ሕግ ካላነበበ ስለ ቬኒስ የሚጽፈው ግማሹን ብቻ ነው።

ባርሴሎና ይህንኑ ነገር ፊት ለፊት ልትጋፈጠው ወስናለች። በ2024 ከንቲባው ከ10 ሺህ በላይ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶች በ2028 መጨረሻ ሲያበቁ እንደማይታደሱ አስታወቁ። ይሠራል፣ አይሠራም? ደጋፊውም ተቃዋሚውም መልሱን ከአሁኑ ያወቀ ይመስላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ኪራዩ ዛሬ ስንት እንደሆነ፣ ያለ ፈቃድ የሚያከራየው ምን ያህል እንደሆነ፣ ባዶ የተቀመጠው ቤት የቱ እንደሆነ ዛሬ ሰፈር በሰፈር ተመዝግቦ ካልተቀመጠ ውሳኔው ከተፈጸመ በኋላ የሚደረገው ክርክር ሁሉ ግምት በግምት ነው የሚሆነው። መነሻው ያልተለካ ነገር መድረሻው አይታወቅም። ታዲያ ይሄን መነሻ መለካት የማንንም ቀልብ አይስብም። ለምርምር ገንዘብ ስታመለክቱ "ገና ምንም ያልሆነ ነገር ልለካ ነው" ማለት ይከብዳል። ከሆነ በኋላ ግን ሁሉም ይመጣል።

ሁለት የባሕር ዳርቻዎች ደግሞ አሉ፣ ሁሌ አብሬ የማነሳቸው። ፊሊፒንስ የቦራካይን ደሴት በኤፕሪል 2018 ለስድስት ወር ለቱሪስት ዘጋች። ፍሳሽ ባሕሩን አበላሽቶት ነበር። ስትከፈት በአንድ ጊዜ ደሴቷ ላይ ሊገኝ የሚገባው ቱሪስት ከ19,215 መብለጥ የለበትም ተባለ። እንዲህ እስከ መጨረሻው አኃዝ የተጻፈ ቁጥር ሲያዩት ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን የሚቆጥረው ማን ነው? ከጀልባ የሚወርደውን ነው ወይስ ሆቴል ያደረውን? ሞልቷልና ተመለስ የማለት ሥልጣን ያለው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? በበዓል ሰሞን፣ ሁሉም ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ገበያ ሲመጣ፣ ያ ባለሥልጣን ስልኩ ሲጮህ ምን ይላል? በተዘጋባቸው ስድስት ወራት ገቢያቸው የቆመባቸው ሠራተኞችስ ውሳኔው ላይ ማን ወከላቸው? የመሸከም አቅም የሚባለው ነገር፣ ማለትም አንድ ቦታ ሳይጎዳ የሚችለው የጎብኚ ብዛት፣ የሳይንስ ቁጥር ይመስላል እንጂ ግማሹ የሥልጣን ጥያቄ ነው።

ታይላንድ ማያ ቤይ የተባለውን የደሴት ባሕረ ሰላጤ የዘጋችው በዚያው ዓመት በጁን ነው። መጀመሪያ ለአራት ወር ነበር የተባለው። ባሕሩ ውስጥ የሚያድገው ኮራል እንዳላገገመ ሲታይ ተራዘመ፣ አሁንም ተራዘመ፣ እስከ ጃንዋሪ 2022 ድረስ። ሲከፈት ጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዳይገባ ተከለከለ፣ ማረፊያው በደሴቲቱ ጀርባ ሆነ፣ በአንድ ሰዓት የሚገባው ሰው ቁጥር ተወሰነ። እስካሁንም በየዓመቱ በኦገስትና በሴፕቴምበር ይዘጋል። ሻርኮቹም ተመልሰው ታይተዋል። እኔን የሚገርመኝ የመዝጋቱ ድፍረት አይደለም፤ መዝጋት ቀላል ነው፣ አንድ ትእዛዝ ነው። ቀነ ገደቡን ባሕሩ ውስጥ በሚታየው ነገር መሠረት ማራዘማቸው ነው። ይህ የሚሆነው ውኃው ውስጥ ገብቶ የሚያይ ባለሙያና ቃሉን የሚሰማ አለቃ ሲገናኙ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተገናኙ? ለኔ ከሁሉም በላይ መጠናት ያለበት ይሄ ነው። ስለ ሻርኮቹ የተጻፈው ግን ስለዚህ ከተጻፈው ይበዛል።

ገንዘቡስ? ሩዋንዳ ከፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ ለአጎራባች ማኅበረሰቦች ማካፈል የጀመረችው በ2005 ነው፣ 5 በመቶ። በ2017 የጎሪላ መጎብኛ ፈቃድ ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ሲያድግ ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ አገር ያላደረገው። ግን በዚያ ገንዘብ የሚሠራው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የውኃ መስመር የመሳሰለው ለሁሉም የሚሆን ነገር ነው። ጎሽ ሌሊት ገብቶ የሚያበላሸው ማሳ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ነው። ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ጥቅሙ ለሁሉም ይበተናል። ለጉዳት ካሣ የሚከፍል ፈንድ ስላለ ነገሩ ተፈቷል ማለት ይቻል ይሆናል፤ ግን ማሳው የተበላበት ገበሬ ቅጹን ሞልቶ፣ አስመስክሮ፣ ገንዘቡን እጁ እስኪያገባ የሚያልፍበትን ደጅ መቁጠር ነው። አሥር በመቶ የሚለውን ቁጥር ከወረቀት ላይ ማንበብ አምስት ደቂቃ ነው። የገበሬውን ደጅ መከተል ግን ክረምትና በጋ ነው።

ናሚቢያ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። በ1996 በወጣ ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች ራሳቸው ተደራጅተው በመሬታቸው ላይ ካለው የዱር እንስሳና ቱሪዝም እንዲጠቀሙ ፈቀደች። እንዲህ ከተደራጁት ማኅበራት የመጀመሪያዎቹ አራቱ በ1998 ተመዘገቡ፤ አሁን ከ80 በላይ ናቸው። ለመመዝገብ የታወቀ ወሰን፣ የአባላት ዝርዝር፣ ኮሚቴና መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋል። እዚህ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። መንግሥት ምን ያህል አካፈለ መሆኑ ይቀርና ኮሚቴው ለአባላቱ ሒሳብ ያቀርባል ወይ ይሆናል። ሥልጣን ወደ ታች ወረደ ማለት ሁሌም ለሁሉም ደረሰ ማለት አይደለም፤ መንደር ውስጥም ትልቅና ትንሽ አለ።

በንድፈ ሐሳቡ በኩል ብዙ አላደክማችሁም። ተማሪ ሁሉ የሚማራቸው ሁለት ሞዴሎች አሉ። ዶክሲ የተባለ አጥኚ በ1975 ነዋሪው በጎብኚው ከመደሰት ተነስቶ እንዴት ደረጃ በደረጃ ወደ ጥላቻ እንደሚሄድ ገለጸ። በትለር የተባለ ሌላ ምሁር በ1980 አንድ መዳረሻ ተገኝቶ፣ አድጎ፣ ሞልቶ፣ ከዚያ ወይ እንደሚወድቅ ወይ እንደሚታደስ አሳየ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ብዙ ሰው ግን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይወስዳቸዋል፣ ማንም ምንም ቢያደርግ የማይቀር አድርጎ። ሊንዳ ሪክተርና ማይክል ሆል የመሳሰሉት ምሁራን ፖለቲካውን ወደ ጠረጴዛው ባያመጡት ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርን። ሆል ለምሳሌ በ2011 መንግሥት ያዛል፣ ወይ ገበያው ይወስናል፣ ወይ ባለድርሻዎች ተሰባስበው ይደራደራሉ፣ ወይ ማኅበረሰቡ ራሱ ያስተዳድራል ብሎ አራት የአስተዳደር ዓይነት ለየ። እውነተኛ ቦታ ላይ አራቱም ተደባልቀው ነው የምታገኟቸው። ከሁሉ በላይ ግን እኔን የቀረጸኝ ከቱሪዝም ውጪ የመጣ ሰው ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ማይክል ሊፕስኪ በ1980 እንዳለው፣ ፖሊሲን በመጨረሻ የሚሠራው ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጠው የታችኛው ሠራተኛ ነው። የፓርኩ በር ላይ የቆመው ሰው ማንን እንደሚያስገባ፣ ለማን ደረሰኝ እንደሚቆርጥ፣ እንጨት ለቅማ የምትወጣውን ሴት አይቶ እንዳላየ እንደሚያልፍ ወይም እንደማያልፍ በየቀኑ ይወስናል። ፖሊሲው እሱ ነው።

አሁን አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የአንድ ጥብቅ አካባቢ የቱሪዝም ኮሚቴ ቃለ ጉባኤዎቹን እንዳነብ ፈቀደልኝ። ወፍራም ክላሰር ነበር። ኮሚቴው ውስጥ ሁለት የነዋሪ ተወካዮች አሉ፣ በየስብሰባው ተገኝተዋል፣ ፊርማቸው አለ። ሪፖርት ላይ "ማኅበረሰቡ በውሳኔው ተሳትፏል" ተብሎ የሚጻፈው በዚህ ነው። እኔ ግን ማን ምን እንደተናገረ የሚለውን ገጽ በገጽ ተከተልኩ። የሆቴል ባለቤቶች ተወካይ ተናግሯል። የአስጎብኚ ድርጅቶች ተናግረዋል። ኃላፊው ተናግረዋል፣ በብዛት። የነዋሪዎቹ ስም ከፊርማው ቦታ በስተቀር የትም የለም። በኋላ አንደኛዋን እናት ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። አጀንዳው የሚደርሳቸው በስብሰባው ዕለት ጠዋት ነው። የተጻፈውም በማያነቡት ቋንቋ ነው። "የኔ ልጅ፣ ያላነበብኩትን ምን ብዬ ልቃወም? ፈርሚ ሲሉኝ እፈርማለሁ፣ አበሌን ይዤ እመለሳለሁ" አሉኝ። የሕዝብ ተሳትፎን ያጠናችው ሼሪ አርንስቲን በ1969 የሕዝብ ተሳትፎን ባለ ስምንት እርከን መሰላል አድርጋ ስታስቀምጥ ታችኞቹ ሁለቱ ተሳትፎ ይመስላሉ እንጂ ተሳትፎ አይደሉም ብላ ነበር። ያ ክላሰር ከመሰላሉ ሥር ነው ያለው። መፍትሔው ደግሞ ትልቅ ፕሮጀክት አይጠይቅም። አጀንዳውን ከሳምንት በፊት፣ በሚያነቡት ቋንቋ መላክ ነው። ይህን የትኛውም የቱሪስት እርካታ መጠይቅ አይነግራችሁም።

ወደ ሙያው ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች ይህን መስመር ልግባበት ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እውነቱን መናገር ይሻላል። የዩኒቨርሲቲ እድገት በአብዛኛው የሚለካው በታተመ ጽሑፍ ነው። ለአንድ መምህር መጠይቅ በትኖ በጥቂት ወራት አንድ ጽሑፍ ማውጣት፣ አንድን ውሳኔ አሥር ዓመት ከመከተል በእጅጉ ያዋጣዋል። የምርምር ገንዘብም የሚሰጠው ለሁለት ለሦስት ዓመት ነው። ፖሊሲ ግን በሁለት ዓመት ገና መመሪያው እንኳ አይወጣለትም። ስለዚህ ዓለም ላይ ስለ ፖሊሲ ማውጣት የተጻፈ ብዙ ነው፣ ፖሊሲው ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ የተጻፈው ግን ትንሽ። የታተመውም ቢሆን ብዙው የሚቀመጠው በክፍያ በሚከፈት ጆርናል ውስጥ ነው። ስለ መንደሩ የተጻፈውን መንደሩ አያየውም፣ ጥናቱ ላይ ቃሉን የሰጠው ባለሙያም አያየውም።

ከዚያ የማማከር ሥራ አለ። እንጀራ ነው፣ አልንቀውም፣ ብዙ በርም ይከፍታል። ግን ሪፖርቱ የከፈለው ድርጅት ንብረት ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ፕሮጀክት ግምገማ ላይ ሠርቼ የነዋሪዎች ገቢ አለመጨመሩን የሚያሳየው ምዕራፍ በመጨረሻው ቅጂ ላይ ጠፋ። ለምን ስል "ለቀጣዩ ምዕራፍ ድጋፍ እንዳያሳጣን" ተባልኩ። መረጃው ትክክል አይደለም ያለኝ የለም። እንዲህ ያለው ነገር በሐሰት ቁጥር ከመዋሸት አይተናነስም፤ ከዚያ ሪፖርት ተነስቶ ሌላ ቦታ ላይ ያው ፕሮጀክት ይደገማልና። ከዚያ ወዲህ ውል ስፈርም የማተም መብቴ የተጻፈበትን አንቀጽ ሳላይ አልፈርምም። ጀማሪዎች ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ሌላው ፈተና ሰዎቹ ናቸው። ያነጋገራችሁት ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይዛወራል፣ ፋይሉ አብሮት ይሄዳል ወይ ደብዛው ይጠፋል። አዲሱ ኃላፊ አዲስ ፍኖተ ካርታ ያስጀምራል። ያለፈውን ማን ያስታውሰው? አንዳንድ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ያለፈ ውሳኔ ከተመራማሪው ሲጠይቅ አይቻለሁ። ይሄ የሚያሳዝን ነው፣ ግን የዚህን ሙያ ጥቅም ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የአንድን ቦታ የውሳኔ ታሪክ አንድ ላይ ይዞ የሚገኘው ሰው አንዳንዴ ያ አንድ አጥኚ ብቻ ነው።

መግባት ለምትፈልጉ የምለው ይሄ ነው። ከስትራቴጂው ሰነድ በፊት በጀቱን አንብቡ፤ መንግሥት የሚያምንበትን የሚያሳየው ገንዘቡ ነው። ትንሽ ሕግና ትንሽ ሒሳብ አያያዝ ተማሩ፣ ከማርኬቲንግ ኮርስ አንዱን ቀንሳችሁም ቢሆን። ኃላፊን ስታነጋግሩ "ፖሊሲያችሁ ምንድን ነው?" አትበሉ፣ የተጻፈውን ነው የሚያነብላችሁ። "ባለፈው ወር እምቢ ያላችሁት ጥያቄ ምን ነበር?" በሉ። መልሱ ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። አንድ ቦታ ምረጡና እዚያው ቆዩ። አሥር አገር ላይ አንድ አንድ ጽሑፍ ካለው ሰው አንድን ሐይቅ ወይም አንድን ከተማ ከነኃላፊዎቹ፣ ከነክርክሩ የሚያውቀው ሰው ለዚያ ቦታ ይጠቅማል። የነዋሪውን ቋንቋ ሳታውቁ ደግሞ ስለ ተሳትፎ አትጻፉ።

ዩኒቨርሲቲዎችን የምጠይቀው ትንሽ ነው። ለውሳኔ ሰጪዎችና ለነዋሪዎች በሚገባቸው ቋንቋ የቀረበን ጥናት፣ አንድን ፖሊሲ ለረጅም ጊዜ የተከታተለን ሥራ፣ በእድገት መመዘኛችሁ ውስጥ ዋጋ ስጡት። የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችን ደግሞ፣ ጥናት ካለቀ በኋላ ለምረቃው አትጥሩን። ውሳኔው ሳይጻፍ ጥሩን፤ ቢያንስ መነሻውን እንለካው። ቃለ ጉባኤውንና የገቢ ክፍፍሉን ሒሳብ ክፍት አድርጉት። የሚደበቅ ነገር ከሌለ የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ካለም እናንተ ቀድማችሁ ብታገኙት ነው የሚሻለው።

ለእናንተ ለጋዜጣው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲስ ክፍያ፣ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ ፍኖተ ካርታ ይፋ ሲሆን ትዘግባላችሁ፣ ጥሩ ነው። ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ያው ቦታ የምትሄዱበት ቋሚ አምድ ብትከፍቱስ? የተባለው ቁጥር ተቆጠረ ወይ፣ የተባለው ገንዘብ ደረሰ ወይ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ ያውቃል ወይ። ብዙ ገጽ አይፈልግም። ለአንባቢም የሚያሰለች አይመስለኝም፣ ሰው ቃል የተገባለትን አይረሳም። የመጀመሪያውን ቦታ እናንተ ምረጡ። ሰነዱን ቁጭ ብዬ አብሬያችሁ አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቱሪዝም ፖሊሲ ተመራማሪ